በነጻ ገብተው በእንቅልፍ የሚከፍሉበት ጨዋታ

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ውኃ ለመጠጣት ተነስተው በልጅዎ ክፍል በር ሥር የስልክ ብርሃን ሲወጣ ያያሉ። በሩን ሲከፍቱት ልጅዎ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ እርስዎ ከማያውቁት ሰው ጋር በእንግሊዝኛ ያወራል። «ምን እየሠራህ ነው?» ሲሉት «ጌም ነው፤ በነጻ ነው እኮ! ምንም ብር አላወጣሁበትም» ይልዎታል። እርስዎም ወይ ስልኩን ይነጥቁታል፤ ወይ ደግሞ «ውጭ ከሚያመሽ ቤት ውስጥ መሆኑ ይሻላል» ብለው በሩን መልሰው ይዘጋሉ።

ሁለቱም ምላሾች በብዙ ቤት ውስጥ የተለመዱ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱም የሚሰጡት ሁለት ጥያቄዎች ሳይጠየቁ ነው። ልጁ እዚያ ጨዋታ ውስጥ ያገኘው ምንድን ነው? ብር ካልከፈለስ በምን እየከፈለ ነው? በዛሬው ጽሑፋችን በነጻ የሚገኙ የኦንላይን የገጸ ባህርይ ጌሞች ለጤና ያላቸውን በጎና መጥፎ ጎን እንመለከታለን። ጉዳዩ የልጆች ብቻ አይደለም። በፈረቃ የሚሠራ ጎልማሳ፣ ሥራ ፈላጊ ተመራቂ፣ ልጆቿን አስተኝታ ስልኳን የምታነሳ እናትም የእነዚህ ጌሞች ደንበኞች ናቸው።

ጨዋታው የማያልቅበት ምክንያት

የኳስ ወይም የመኪና ውድድር ጌም አንድ ዙር ተጫውተው ያበቃሉ። የገጸ ባህርይ ጌም እንደዚያ አይደለም። ተጫዋቹ አንድ ሰው ይፈጥራል፤ ስም ያወጣለታል፤ መልኩን፣ ልብሱንና ሙያውን ይመርጥለታል። ከዚያም ያ ሰው ከምንም ተነስቶ ሲጠነክር፣ ሀብት ሲያፈራና ጓደኛ ሲያበዛ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት አብሮት ይኖራል። በኦንላይን ከሆነ ደግሞ ዓለሙ ተጫዋቹ ስልኩን ዘግቶ ሲተኛም አይቆምም። ሌሎች ተጫዋቾች እዚያው ይገበያያሉ፤ ይዋጋሉ፤ ያወራሉ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1978 በእንግሊዝ አገር የኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ሮይ ትረብሾውና ሪቻርድ ባርትል ሥዕል የሌለው፣ በጽሑፍ ብቻ የሚጫወቱት ተመሳሳይ ጨዋታ ሠርተው ነበር። እ.ኤ.አ በጥር 2001 ሩንስኬፕ የተሰኘው ጌም በተራ ኮምፒዩተር፣ ያለ ክፍያ፣ በኢንተርኔት መክፈቻው ላይ ብቻ መጫወት እንዲቻል አደረገ። ዛሬ በስልክ ከሚጫወቱት መካከል እ.ኤ.አ በመስከረም 2020 ከቻይና የወጣው ጌንሺን ኢምፓክት በስፋት ይታወቃል። በአገራችን ልጆች ዘንድ ስማቸው የሚነሳው ፐብጂና ፍሪ ፋየር በዋናነት የተኩስ ጌሞች በመሆናቸው ከዚህኛው ወገን አይደሉም። ከዚህ በታች የምናነሳው አብዛኛው ነገር ግን እነርሱንም ይነካል።

ወላጆቹ የማያውቁት ልጅ

ስለ ጥቅማቸው ለመናገር ከአንድ ኖርዌያዊ ወጣት ታሪክ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። ማትስ ስቴን ይባላል። ጡንቻን እያደር የሚያደክመው፣ ዱሼን የተባለው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ነበረበት። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ ማንቀሳቀስ የሚችለው ጣቶቹን ያህል ብቻ ነበር። ቀኑን የሚያሳልፈው ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተሰኘውን የኦንላይን የገጸ ባህርይ ጌም በመጫወት ነው። ይህ ጌም በወር የሚከፈልበት እንጂ ነጻ አይደለም፤ አሠራሩ ግን አንድ ዓይነት ነው። ወላጆቹ ልጃቸው ጓደኛ ሳያፈራ፣ ፍቅር ሳያውቅ፣ ለማንም ሳይጠቅም ዕድሜው እያለፈ ነው ብለው ያዝኑ ነበር።

ማትስ እ.ኤ.አ በ2014 በ25 ዓመቱ አረፈ። አባቱና እናቱ ሞቱን ልጃቸው ይጽፍበት በነበረው ድረ ገጽ ላይ አሳወቁ። ማንም ያነበዋል ብለው አልጠበቁም። ከዚያ በኋላ ግን ከተለያዩ አገሮች የሐዘን ደብዳቤዎች ይጎርፉ ጀመር። ሰዎቹ የሚያውቁት ኢቤሊን በሚባለው የጌም ስሙ ነበር። ትዳራቸው ሲናወጥ እንደመከራቸው፣ ከልጃቸው ጋር መነጋገር ሲያቅታቸው መንገድ እንዳሳያቸው፣ ሲከፋቸው ቁጭ ብሎ እንዳዳመጣቸው ጻፉ። ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ አካል ጉዳተኛ መሆኑን እንኳ አያውቁም ነበር። አንዳንዶቹ ከሌላ አገር ድረስ ተጉዘው ቀብሩ ላይ ተገኙ። ታሪኩ እ.ኤ.አ በ2024 ዘጋቢ ፊልም ሆኖ ወጥቷል።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ሁሉም ተጫዋች ኢቤሊን ነው ለማለት አይደለም። ከበሩ ውጭ ሆነው ሲያዩት ብቸኝነት የሚመስል ነገር ከውስጡ ጓደኝነት ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት ነው። መናገር ለሚያፍር፣ ለሚንተባተብ፣ በትምህርት ቤት ለሚፌዝበት ወይም ከክፍለ አገር መጥቶ በከተማ ሰው ለሌለው ልጅ መልኩ የማይታይበት፣ በሥራው ብቻ የሚመዘንበት ቦታ ትልቅ እፎይታ ነው። እንግሊዝኛን ከመጽሐፍ ይልቅ እዚያ የለመዱ ወጣቶች አሉ፤ በቡድን ለማሸነፍ ሲሉ ማንበብ፣ መጻፍና መነጋገር ግድ ይሆንባቸዋል። አዲስ አበባ ያለ ልጅ ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ካለ የአጎቱ ልጅ ጋር ሰላምታ ብቻ ተለዋውጦ ስልክ ከመዝጋት ይልቅ አብሮ አንድ ዘንዶ ሲያሳድድ ቢያመሽ ዝምድናው ይጠነክራል እንጂ አይላላም።

የሕክምናው ዓለምም ቢሆን ይህን ኃይል ሊጠቀምበት ሞክሯል። በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ስፓርክስ የተባለ የገጸ ባህርይ ጌም ሠርተዋል። የድባቴ ስሜት ያለበት ወጣት ጀግና መርጦ በጨለማ የተዋጠ ዓለም ውስጥ ይገባል፤ የሚዋጋቸው ጠላቶችም «አልረባም»፣ «አይሳካልኝም» የሚሉ አፍራሽ ሐሳቦች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 19 በሆነ 187 ወጣቶች ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ በ2012 በታተመው ጥናት ውጤቱ ከተለመደው የምክር አገልግሎት የማያንስ ሆኖ ተገኝቷል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ስፓርክስ ሰባት ምዕራፍ አለው፤ ሰባተኛው ሲያልቅ ጨዋታውም ያልቃል። ለገበያ የሚሠሩት ነጻ ጌሞች ግን ማለቂያ የላቸውም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

የጨዋታ ሰዓት መብዛት ብቻውን ሰውን ያሳምማል የሚለው እምነትም ቢሆን በቂ ማስረጃ የለውም። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2022 ባወጡት ጥናት ወደ 39 ሺህ የሚጠጉ የሰባት ጌሞች ተጫዋቾችን ተከታትለዋል። የተጫወቱበት ሰዓት መብዛት ወይም ማነስ በስሜታዊ ደኅንነታቸው ላይ ያመጣው ለውጥ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ለውጥ የታየው በምክንያቱ ላይ ነው። ደስ ስላላቸው የሚጫወቱት ደህና ሲሆኑ፣ «መጫወት አለብኝ» በሚል ግፊት የሚጫወቱት ስሜታቸው ዝቅ ያለ ነበር። ጥናቱ የተሠራው በአዋቂዎች ላይ በመሆኑ ለልጆች እንዳለ መውሰድ አይገባም። ቢሆንም «ስንት ሰዓት ተጫወትክ?» ከሚለው ጥያቄ ባሻገር «ወደኸው ነው ወይስ ግድ ሆኖብህ?» ማለት እንደሚያስፈልግ ይጠቁማል።

ያ ግፊት ከየት ይመጣል? የነጻ ጌሞች ዋና ድካም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ነጻ ሲባል

ነጻ ጌም የሚያቀርቡ ድርጅቶች በጎ አድራጊዎች አይደሉም። በር ላይ አይጠይቁም፤ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው። አብዛኛው ተጫዋች ምንም አይከፍልም። የሚከፍሉት ጥቂቶች ግን የቀረውን ወጪ ይሸፍናሉ። ስለዚህ ጌሙ ሁለት ነገሮችን ማሳካት አለበት፤ ተጫዋቹ በየቀኑ እንዲመለስና አንድ ቀን እጁ ወደ ኪሱ እንዲሄድ።

ጌንሺን ኢምፓክትን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የሚያምሩትና ጠንካሮቹ ገጸ ባህርያት የሚገኙት በዕጣ ነው። በአንድ ዕጣ ባለ አምስት ኮከብ ገጸ ባህርይ የማግኘት መነሻ ዕድል 0 ነጥብ 6 በመቶ ነው፤ ከሺህ ስድስት ማለት ነው። አስር ጊዜ ዕጣ ከሳቡ መቶ ጀማሪዎች መካከል 94 የሚሆኑት አንድም ሳያገኙ ይመለሳሉ። እርግጥ በ90ኛው ዕጣ ላይ አንድ የግድ ይወጣል፤ የወጣው ግን የተፈለገው ላይሆን ይችላል። ዕድል ከጠመመ የሚፈለገውን ለማግኘት 180 ዕጣ ሊያስፈልግ ነው። አንዱ ዕጣ 160 የጌሙን ዕንቁ ይፈጃል። በጠቅላላው 28 ሺህ 800 ዕንቁ ይሆናል።

ተጫዋቹ የዕለት ሥራውን ሲጨርስ በቀን 60 ዕንቁ በነጻ ይሰጠዋል። በዚህ ብቻ ከሄደ 480 ቀን ያስፈልገዋል። በልዩ ዝግጅቶች ጭማሪ ስለሚያገኝ ሊያጥር ይችላል፤ ነገር ግን የተፈለገው ገጸ ባህርይ ለዕጣ የሚቀርበው ለሦስት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ሌላው አማራጭ መግዛት ሲሆን፣ ትልቁ ጥቅል በመደበኛ ዋጋው ቢሰላ እንኳ ሒሳቡ ከ300 ዶላር ያልፋል። ለአንድ የሥዕል ሰው! በነጻ ነው ብሎ የገባ ልጅ ከ480 ቀንና ከ300 ዶላር መካከል ቆሞ ሲጨነቅ ይታይዎ።

ዕጣው ለምን እንዲህ አጥብቆ ይይዛል? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር ባለፈው ምዕተ ዓመት በእርግቦችና በአይጦች ላይ ባካሄዳቸው ሙከራዎች አንድ ነገር አሳይቷል። ምግቡ በስንተኛው ጊዜ እንደሚመጣ የማያውቅ እንስሳ ሁልጊዜ ከሚያገኘው ይልቅ ሳይታክት ይሞክራል፤ ምግቡ ከቆመ በኋላም ቶሎ አይተውም። የቁማር ማሽን የሚሠራው በዚሁ ነው። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ በ2018 በጌሞች ውስጥ በገንዘብ የሚሸጡ የዕጣ ሣጥኖች የአገሪቱን የቁማር ሕግ ይጥሳሉ ያለው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ በጥር 2024 የደቡብ ኮሪያ የንግድ ውድድር ኮሚሽን ሜፕል ስቶሪ በተሰኘው የገጸ ባህርይ ጌም ውስጥ የዕጣውን ዕድል ለተጫዋቾች ሳይነግር ቀንሷል ያለውን ድርጅት 11 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዎን ቀጥቷል። በቀጣዩ ዓመት ጥር ወር ደግሞ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የጌንሺንን አቅራቢ «ልጆችን ስለ ዕጣው ዕድልና ስለ እውነተኛው ዋጋ አሳስቷል» በማለት ከሰሰ። ድርጅቱ ብዙዎቹ ክሶች ትክክል አይደሉም ቢልም 20 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል፣ ከ16 ዓመት በታች ላሉም ያለ ወላጅ ፈቃድ ዕጣ ላለመሸጥ ተስማምቷል።

እኛ ዘንድ ብዙ ልጅ የውጭ ገንዘብ የሚቀበል ካርድ ስለሌለው ወላጅ «ይህ እኛን አይመለከትም» ይል ይሆናል። በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን ውጭ አገር ያለ ዘመድ ለልደት የላከው የስጦታ ካርድ አለ፤ በወላጅ ስልክ ላይ ተመዝግቦ የተረሳ የባንክ ካርድ አለ። ጌሙን በስልክ ላይ ለመጫን ብቻ ከ20 ጊጋባይት በላይ ስለሚፈጅ የዳታ ወጪው ራሱ ቀላል አይደለም። ብር የሌለው ልጅ ደግሞ በሌላ ነገር ይከፍላል።

ሰዓቱ የተቀጠረው በሌላ አገር ነው

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ስል ከእነዚህ ጌሞች አንዱን ስልኬ ላይ ጭኜ ነበር፤ ስሙ ይቆየን። ዓላማዬ ሦስት ቀን ሞክሬ ማጥፋት ነበር። በአምስተኛው ቀን «የዛሬውን ስጦታ ካልወሰድኩ የአራት ቀኑ ተከታታይ ይቋረጥብኛል» ብዬ ቁርስ ሳልበላ ስልኬን ስከፍት ራሴን አገኘሁት። ለጆሮ የሚያስቅ ነው። ያገኘሁት ስጦታ ሁለት የሥዕል እንጀራ ነበር።

አሠራሩ ይህ ነው። በጌንሺን የአውሮፓ ሰርቨር አዲስ ቀን የሚጀምረው በእኛ ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። የትናንቱን ሥራ ያልጨረሰ ከዚያ በፊት መጨረስ አለበት፤ የዛሬውን የቸኮለ ደግሞ በዚያው ሰዓት ይነቃል። ለጨዋታው የሚያስፈልገው «ጉልበት» በየስምንት ደቂቃው አንድ አንድ እያለ ይሞላል፤ 200 ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት እንደባከነ ይቆጠራል። ይህ በአንድ በኩል ያለማቋረጥ መጫወትን ይገታል። በሌላ በኩል ግን በየቀኑ ተመልሰህ ና እያለ የሚጠራ ደወል ነው።

በቡድን የሚጫወቱ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። አውሮፓ ያሉ ጓደኞች እራት በልተው ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲገናኙ እኛ ዘንድ ሌሊት 4 ወይም 5 ሰዓት ይሆናል። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ዳርቻ ምሽት 2 ሰዓት ሲሆን እኛ ዘንድ ሌሊት 9 ወይም 10 ሰዓት ነው። ቡድኑ አንድ ሰው ከጎደለበት ይሸነፋል፤ ስለዚህ ልጁ የሚቀረው በጌሙ ፍቅር ብቻ ሳይሆን ጓደኞቹን ላለማሳፈርም ነው።

ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ያለው ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ አዋቂ ደግሞ ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ሌሊት 8 ሰዓት ተኝቶ 12 ሰዓት ተኩል ለትምህርት የሚነሳ ተማሪ ያገኘው አራት ሰዓት ተኩል ነው። ቀን የተማረውን አእምሮ አደራጅቶ የሚያስቀምጠው በእንቅልፍ ጊዜ በመሆኑ የመጀመሪያው ተጎጂ ትምህርት ነው። ቀጥሎ ቁጣና ትዕግሥት ማጣት ይመጣሉ። ወላጅ «ጌሙ ጠበኛ አደረገው» የሚለው ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ማጣት ያመጣው ንጭንጭ ነው። ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጅ ልጅ ቤት ውስጥ ካለ ጌሙን ከመክሰስዎ በፊት መጀመሪያ የተኛበትን ሰዓት ይቁጠሩ።

ሌላው የሰውነት ጉዳት በአጭሩ ይህን ይመስላል። ዓይናችን በተለምዶ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ከግማሽ በታች ስለሚወርድ ይደርቃል፤ ይቆጠቁጣል። በየ20 ደቂቃው ስድስት ሜትር ያህል ርቆ ያለ ነገር ለ20 ሰከንድ ማየት ያሳርፈዋል። ልጆች ከቤት ውጭ በቀን ብርሃን የሚያሳልፉት ጊዜ የሩቁን ያለማየት ችግር እንዳይጀምራቸው ይከላከላል። የአውራ ጣትና የእጅ አንጓ ሕመም፣ የአንገትና የትከሻ መጨምደድ የተለመዱ ናቸው። ለሰዓታት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋን ይጨምራል። ማዳመጫን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች የሚመክረው የድምፅ ጣሪያ 75 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። ዴሲቤል መለኪያ ከሌለዎ አጠገቡ ቆመው ይጥሩት፤ በተለመደ ድምፅ ሲጠሩት ካልሰማ ድምፁ ሳይበዛ አልቀረም።

መውደድና መታመም

የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በ11ኛው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ውስጥ አካትቷል፤ ምደባው እ.ኤ.አ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። መመዘኛው ሦስት ነገር ይጠይቃል። ሰውዬው መቼና ምን ያህል እንደሚጫወት መቆጣጠር አቅቶታል? ጌም ከሌሎች ፍላጎቶቹና ከዕለት ሥራው ሁሉ ቀድሟል? ጉዳት እያየ እንኳ ይቀጥላል? ሦስቱም ኖረው በትምህርት፣ በሥራ ወይም በቤተሰብ ሕይወቱ ላይ ከባድ ጉዳት አድርሰው፣ አብዛኛውን ጊዜም ቢያንስ 12 ወር የዘለቁ መሆን አለባቸው። እንግዲህ በእረፍት ጊዜው ሙሉ ቀን ተጫውቶ ትምህርት ሲከፈት የቀነሰ ልጅ ሱሰኛ አይደለም። ከሚጫወቱት መካከል ለዚህ ደረጃ የሚበቁት ጥቂቶች ናቸው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። ከባድ የጌም ችግር ያለባቸው ብዙዎቹ ድባቴ፣ ጭንቀት ወይም ትኩረት የማጣት ችግርም ይኖርባቸዋል። የትኛው እንደቀደመ መለየት ይከብዳል። ልጁ ጌም ውስጥ የተደበቀው ከአንድ ነገር ሸሽቶ ከሆነ ጌሙን ስለነጠቁት የሸሸው ነገር አይጠፋም፤ መደበቂያው ብቻ ይጠፋል።

መንግሥታትም በክልከላ ብቻ ለመወጣት ሞክረዋል። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ በ2011 ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንዳይጫወቱ በሕግ ከልክላ ከአስር ዓመት በኋላ ሕጉን አንስታለች። ቻይና ደግሞ እ.ኤ.አ በ2021 ከ18 ዓመት በታች ላሉት ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና በዓላት ላይ አንድ አንድ ሰዓት ብቻ ፈቅዳለች። እኛ ዘንድ ያለው ተቆጣጣሪ የቤቱ ሰው ነው።

ቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

ከሁሉ በፊት አጠገቡ ይቀመጡና «እስኪ አሳየኝ» ይበሉት። የሚያሳየውን ገጸ ባህርይ ስም ይጠይቁት። ቅድም ስሙን ያነሳነው ሪቻርድ ባርትል ተጫዋቾችን እንደ ፍላጎታቸው በአራት ከፍሏቸዋል፤ ደረጃና ሀብት የሚያሳድዱ፣ ዓለሙን መዞር የሚወዱ፣ ለወሬና ለጓደኝነት የሚመጡ፣ ሌላውን ማሸነፍ የሚያስደስታቸው። የእርስዎ ልጅ የትኛው ነው? ለጓደኝነት የመጣውን ልጅ ከጌሙ ሲያርቁት ከጓደኞቹ እያራቁት ነው፤ ስለዚህ ሌላ ጓደኛ የሚያገኝበት ቦታ አብረው ሊያስቡለት ይገባል። ደረጃ የሚያሳድደውን ግን ስፖርት ወይም የሙያ ሥልጠና ሊማርከው ይችላል።

ቀጥሎ አካሄዱን ይወቁ። የኦንላይን ውጊያ መሀል ላይ አይቆምም። ዋይፋዩን በድንገት ሲነቅሉት ለእርስዎ ማጥፋት ነው፤ ለእርሱ ግን አራት ጓደኞቹን ሜዳ ላይ ጥሎ መሸሽ ነው። ቁጣው ከዚያ ይመጣል። «እራት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይቀርባል፤ አዲስ ዙር አትጀምር» ማለት ከ«አሁኑኑ ዝጋ!» ይልቅ ይሠራል። ከተስማማችሁበት ሰዓት በኋላ ቢቀጥል ግን በቃልዎ ይጽኑ።

ስልክ በሌሊት መኝታ ክፍል ውስጥ አይደር። ይህ ከምክሮቹ ሁሉ ትልቁ ነው፤ ሳሎን ውስጥ አንድ ቦታ ላይ የቤተሰቡ ስልክ ሁሉ፣ የእርስዎም ጭምር፣ ተሰክቶ ይደር። አባት አልጋ ላይ ሆኖ እስከ እኩለ ሌሊት አጫጭር ቪዲዮ እየገላበጠ ልጁን ጌም ዝጋ ቢለው ማን ይሰማዋል? የጌሙን ማሳወቂያ ድምፅ አብረው ያጥፉት፤ ጌሙ እንዳይጠራው ማለት ነው። የባንክ ካርድ ከስልኩ የመተግበሪያ መደብር ላይ ያውጡ፤ ወይም ለእያንዳንዱ ግዢ የይለፍ ቃል እንዲጠይቅ ያድርጉ።

ከማያውቁት ሰው ጋር በሚደረግ ንግግር ላይ ሁለት መስመር አስምሩ። ፎቶ አይላክም፤ «ወደ ቴሌግራም እንሂድ» ሲባልም አይኬድም። ስጦታ እየሰጠ ምስጢር እንዲጠብቅ የሚጠይቅ ሰው ካለ ወዲያው እንዲነግርዎ ያስረዱት። ቢነግርዎ ስልኩን እንደማይነጥቁት ቀድመው ቃል ይግቡለት፤ ያለበለዚያ አይነግርዎትም።

አዋቂ ተጫዋች ከሆኑ ደግሞ ለአንድ ሳምንት በወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፤ የጀመሩበትን ሰዓት፣ ሊያቆሙ ያሰቡበትንና ያቆሙበትን። በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት በየቀኑ እየሰፋ ከሄደ ያንን ወረቀት ለሐኪም ይዘው ቢሄዱ ይጠቅማል።

ልጁ ትምህርት ካቋረጠ፣ መብላትና መታጠብ ከተወ፣ ጌም ሲከለከል ዕቃ የሚሰብር ወይም ሰው የሚመታ ከሆነ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይውሰዱት። በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ሌሎች ትላልቅ ሆስፒታሎችም አገልግሎቱን ይሰጣሉ። «መኖር ሰልችቶኛል» የሚል ቃል ከሰሙ ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይሂዱ፤ ብቻውንም አይተዉት። ለጌም ሱስ ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም። የሚረዳው አስተሳሰብንና ልማድን ደረጃ በደረጃ የሚቀይረው የንግግር ሕክምና ሲሆን፣ ድባቴ ወይም ጭንቀት ካለ ለእርሱ ለብቻው ሕክምና ይሰጣል። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ትምህርት ውጤቱና ከጌሙ በፊት ቤት ውስጥ ምን እንደተከሰተ ስለሚሆን፣ ከመሄድዎ በፊት የመጨረሻውን እርስዎም ራስዎን ይጠይቁ።